እጄን ከመስኮቱ ያነሳሁ ዕለት

ብርቄ ሆይ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እንደምን አለሽ ብዬ አልጀምርም፤ አንቺ ያለሽበት እንደምን መባባል የቀረበት ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ድሮ ለአገር ቤት ሰው በስልክ እንደምንለው ለአፍ ያህል አይደለም። ቁጭ ብዬ መርምሬው፣ እውነት ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ልጃችን ማህሌት ከሐይቁ ማዶ፣ ቤልቪው ቤት ይዛ ገባች። መሥሪያ ቤቷ እዚያ ስለሆነ ጠዋት ማታ ድልድዩ ላይ መኪና ውስጥ መዋል ሰለቻት፤ እኔም ሂጂ አልኳት። እሑድ እሑድ ትመጣና፣ ጃኬቷን ሳታወልቅ ፍሪጁን ከፍታ፣ ወገቧን ይዛ ትመለከታለች። ቁርጥ አንቺን። ታክሲውን ተውኩት። በስልክ የሚጠሩት መኪኖች ከተማውን ከሞሉት ወዲህ ኤርፖርት ተሰልፎ መዋል ወገብ ከማሳመም በቀር ትርፍ አልነበረውም። ጤና አዳምሽ በረንዳው ላይ አለ፤ ጎመኑን ግን ቀንድ አውጣ ጨረሰው። ቀሚስ ያሳጥሩልሽ የነበሩት ልብስ ሰፊ ሱቃቸውን ዘግተው ታኮማ ወርደዋል። ኪራዩ እየገፋው የሰፈራችን የኮሎምቢያ ሲቲ ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደዚያው ነው። ሲያገኙኝ ስላንቺ ሳይጠይቁኝ አያልፉም፤ የለችም ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ ግን ይረሱታል። እኔም ከዚያ ወዲህ ደህና ናት እላቸዋለሁ።

ትልቁ ወሬ ሌላ ነው። ሳትቆጪ ስሚኝ። ሥራ ያዝኩ። ሥራው አላስካ ነው፣ ያውም ባሕር መሃል፣ በብረት እግሮች ላይ በቆመ ነዳጅ ማውጫ። የወጥ ቤት ረዳት ነኝ። ድንች እልጣለሁ፣ ድስት አጥባለሁ፣ ለጠዋት ተረኞች እንቁላል እጠብሳለሁ። አንቺ በማማሰያ ከወጥ ቤትሽ ታባርሪው የነበረው ሰው ነው እንግዲህ። የተወሰነ ሳምንት እዚያ ተሠርቶ የተወሰነ ሳምንት ቤት ይታረፋል። ከየብስ ወደዚያ የሚኬደው ደግሞ በሄሊኮፕተር ነው።

ምን እንደምትዪ አውቃለሁ። «አንተ ሰውዬ» ብለሽ ትጀምሪያለሽ። ስትናደጂ ስሜ ይጠፋብሽ ነበር።

ወደዚህ አገር ስንመጣ ትዝ ይልሻል? የአውሮፕላኑ አስተናጋጅ መተላለፊያው ላይ ቆማ ቀበቶውንና ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬት ስታሳይ፣ ከዚያ ሁሉ ተሳፋሪ አንቺ ብቻ ነበርሽ ወንጌል እንደሚነበብልሽ ቀጥ ብለሽ የምታዳምጪው። ስትጨርስ እጅህን ወንበሩ ሥር ስደድና ጃኬቱ መኖሩን እይ አልሽኝ። አለ አልኩሽ። «ነክተኸው ነው ወይስ ገምተህ?» አልሽ። ጎንበስ ብዬ ነካሁት። ከዚያ በኋላ ነው ዓይንሽን የከደንሽው። ማህሌት ልጅ ሳለች በፌሪ ማዶ ወዳለው ደሴት የሄድን ዕለትም እንዲሁ ነበርሽ። ሰው ሁሉ ዛሬ ደመናው ተገፎ ተራራው ወጥቷል እያለ ፎቶ ለመነሳት ሲጋፋ፣ አንቺ ላይፍ ጃኬቱ የተቆለለበት ሣጥን አጠገብ ቆመሽ ቀረሽ። ምነው ብልሽ፣ ተራራው የትም አይሄድም አልሽኝ። እኔም አጠገብሽ ቆምኩ። ነፋሱ ነጠላሽን እያነሳ ፊቴ ላይ ይጥለው ነበር። በልጅቷ እጅ ላይ ያለው አይስክሬም ቀልጦ ጫማዬ ላይ ሲንጠባጠብ እንኳ ዝም አልኩ። እንደዚያ ቀን ያለ ቀን አላየሁም፤ ያኔ ግን እንዲሁ አንድ ቅዳሜ ነበር የመሰለኝ።

ለምን እንዲህ ያለ ሥራ መረጥክ ካልሽኝ፣ ቤቱ ዝም አለብኝ። ራዲዮ ከፈትኩ፣ አልሆነም። ከቤተ ክርስቲያን አንድ ወንድም እዚያ ይሠራ ነበርና፣ ሌት ተቀን ሞተር የሚያጓራበት፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚኖርበት ቦታ ነው ሲለኝ፣ እኔ ያንን ነው የምፈልገው አልኩ። ማህሌት ስትሰማ ኮል አድርጋ ጮኸችብኝ። «ዳድ፣ መዋኘት እኮ አትችልም» አለች፣ የቀረውን በእንግሊዝኛ ጨረሰችው። ዋናተኛ መሆን ግዴታ አይደለም አልኳት። ግዴታው ሌላ ነው፤ ሄሊኮፕተሩ ባሕር ላይ ቢወድቅ እንዴት እንደሚወጣ ተምሮ፣ በተግባር አሳይቶ፣ ፓስ ማድረግ። ያንን ያላለፈ አይሳፈርም፤ ያልተሳፈረም ሥራው የለውም።

ትምህርቱ ታኮማ፣ ከወደቡ አለፍ ብሎ ባለ አዳራሽ ውስጥ ነው። አሰልጣኟ አጠር ያለች፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ዕድሜዋን በዓሣ ጀልባ ላይ የጨረሰች ሴት ናት። አንቺን ብታገኝሽ በወደደችሽ። ነገሩ ሁሉ ያንቺ ነገር ነው። ወደ ሄሊኮፕተር ሲኬድ አብራሪው እያየን፣ ከፊት በኩል፣ አንገት ደፍቶ ነው፤ ከኋላ ያለችው ትንሿ መዘውር ስትዞር ዓይን አያያትምና በዚያ በኩል ዝር አይባልም። ኮፍያ ይወልቃል። ላይፍ ጃኬቱ ሄሊኮፕተሩ ውስጥ ሳሉ አይነፋም፤ የተነፋ ጃኬት ሰውየውን ወደ ላይ አንስቶ ከጣሪያው ጋር ያጣብቀዋል፣ መውጫው ደግሞ ከታች ይቀራል። ሞተሩ ከአናቱ ስለሆነ ሄሊኮፕተር ውሃ ላይ ሲያርፍ ይገለበጣል። ሰው ሲገለበጥ ላይና ታች ይጠፋበታል፣ ግራና ቀኙ ይምታታበታል። ስለዚህ ገና ሲቀመጥ አንድ እጁን መስኮቱ ጠርዝ ላይ ያደርጋል፣ ሌላውን ቀበቶው ላይ። ውሃው ሞልቶ መገለባበጡ እስኪቆም ይጠብቃል። ከዚያ መስኮቱን ገፍቶ ያወጣል፣ ቀበቶውን ይፈታል፣ ያ መስኮቱን የያዘው እጅ ወደ ውጭ ይስበዋል። አሰልጣኟ ደጋግማ ያለችን፣ ውሃ ውስጥ ዓይናችሁ ይዋሻችኋል፣ እጃችሁ ግን ከያዘበት እስካልተነሳ ድረስ አይዋሽም ነው።

ማተቤን አውልቅ እንዳትለኝ ሰግቼ ነበር። ክር መሆኑን አይታ፣ ከልብሱ ውስጥ አስገባው ብላ አለፈችኝ። ልብሱ እንኳ ከእግር እስከ አንገት አንድ ወጥ የሆነ ብርቱካንማ ጎማ ነው። ስለብሰው ብታዪኝ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር።

መለማመጃው ጎማ የሌለው ሚኒባስ ይመስላል። ገንዳው ላይ በክሬን ተንጠልጥሏል። አስገቡን፣ ቀበቶ አሰርን። መስኮቱ በቀኜ ነበር። ቀኝ እጄን ጠርዙ ላይ አደረግኩ፣ ግራዬን ቀበቶው ላይ። መውረድ ሲጀምር፣ ውሃው ጉልበቴ ጋ ሲደርስ፣ ደረቴ ጋ ሲደርስ፣ ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? አማተብኩ። ቀኝ እጄ ማንንም ሳይጠይቅ ከመስኮቱ ተነስቶ ግንባሬ ላይ ወጣ። በስመ አብ ብዬ ሳልጨርስ ተገለበጥን።

እጄን ልመልስ ስል መስኮቱ የለም። የነበረበት ቦታ ግድግዳ ሆነ። ወንበር ዳሰስኩ፣ የሰው ጉልበት ዳሰስኩ። ውሃው በአፍንጫዬ ገባ። ውሃ ውስጥ የሚጠብቀን ጠላቂ ነው ቀበቶዬን ፈትቶ ጎትቶ ያወጣኝ። ሳል ሲለቀኝ፣ ጠላቂው ያየውን በእጁ እያሳየ ለአሰልጣኟ ነገራት። ከእኛ ጋር አንድ ከሳሞአ ደሴት የመጣ፣ በር የሚያክል በያጅ ነበር። ሰውየው ለዓሣዎቹ እጅ እየነሳ ነበር አለና ሁሉንም አሳቃቸው። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ።

ሁለተኛ ሞከርኩ። በዚህ ጊዜ አላነሳም ብዬ ለራሴ ተናግሬ ገባሁ። ውሃው ደረቴ ሲደርስ እጄ ሄደ። መስኮቱን በግራ እጄ እንድይዝ በግራ በኩል አስቀምጪኝ ብዬ አሰልጣኟን ለመንኳት፤ ሄሊኮፕተር ውስጥ ወንበር አይመረጥም አለችኝ። በሳምንቱ አንድ ዕድል ብቻ እንደምትሰጠኝ፣ ያም ካልሆነ ድርጅቱ ሌላ ሰው እንደሚወስድ ነገረችኝ። በክፋት አይደለም። ባሕሩ ሁለተኛ ዕድል እንደማይሰጥ ስለምታውቅ ነው።

የቀረው ሁሉ ግን ተሳክቶልኛል። ከወጡ በኋላ ባሕሩ ላይ ሰው እንዳይበታተንና ሙቀቱ እንዳያመልጥ፣ ተደራርቦ ተቃቅፎ መንሳፈፍ አለ። አንዱ የሌላውን ወገብ በእግሩ ቆልፎ ጀርባውን በደረቱ ይደግፋል። ያ በያጅ እኔን ከኋላ አቀፈኝ። ብርቄ፣ ካንቺ ወዲህ ሰው እንደዚያ አቅፎኝ አያውቅም። ለቅሶ ላይ ትከሻ ይነካል፣ ተስካር ላይ ጉንጭ ይሳማል። ይህ ግን እንዳልሰጥም አጥብቆ የያዘኝ ሰው ነው። ፊቴ ረጥቦ ስለነበር ማንም ልብ አላለኝም።

ከታኮማ ስመለስ ቤት አልገባሁም። ሐይቁ ዳር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጫማሽን አውልቀሽ እግርሽን የምትነክሪበት ቦታ፣ መኪናውን ፓርክ አድርጌ ተቀመጥኩ። ራሴን መመርመር ያዝኩ። እጄን እንደ ሰው ጠየቅኩት። ነገር ሲመጣ ማማተብ እናቴ ያስተማረችኝ ነው፣ ምን ጥፋት አለበት? መስኮት ለመያዝ ብዬ ስሙን ልተው? ከሥራና ከመስቀል ምረጥ የተባልኩ መሰለኝና ከፋኝ። እንዲህ ካልኩ በኋላ ግን ሌላ ነገር ከሥር ብቅ አለ። ያኔ ተገልብጬ መስኮቱ ሲጠፋብኝ፣ እንደሚገባኝ አልደነገጥኩም ነበር። ሁለተኛውን ጊዜ ደግሞ ከናካቴው ፍለጋውን ቶሎ ነው የተውኩት። ወደ አንቺ የሚወስደው ይህ ከሆነ መንገዱ ሩቅ አይደለም የሚል ሐሳብ ውስጤ ሽው ብሏል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

እሑድ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። የምነግራቸው ስለ እጄ ብቻ ነበር፤ ስጀምረው ሁሉም ወጣ። የዓሣውን ቀልድ ሲሰሙ እሳቸውም ፈገግ አሉ። አይዞህ፣ ጽና ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ በክርስትና ስሜ ጠሩኝ። «ወልደ ሚካኤል፣ ያማተብከው እንድትወጣ ነው እንድትሄድ?»

አባ፣ አላውቅም አልኳቸው። እንግዲያው እሱን ሳታውቅ ውሃ እንዳትገባ አሉኝ። ስትሳፈር መሬት ላይ ቆመህ አማትብ፣ ከዚያ በኋላ ያዝ የተባልከውን ያዝ፤ የሰጠህን ነፍስ አጥብቆ መያዝም ጸሎት ነው አሉኝና መስቀላቸውን አሳልመው ሸኙኝ።

ከሰዓት በኋላ ማህሌት መጣች። አሁንም እንደተቆጣች ነበረች፤ እንደወደቅኩ ስነግራት ግን ንዴቷ ጠፋ። ሶ፣ እንለማመዳ አለች። የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር መስኮቱ አጠገብ አስጠጋች። ቀበቶ ስናጣ ከቁም ሣጥኑ መቀነትሽን አውጥታ ወገቤ ላይ አሰረችው። ዓይኔን በፎጣ ሸፈነች። እኔ ቀኝ እጄን መስኮቱ ጠርዝ ላይ፣ ግራዬን መቀነቱ ላይ አድርጌ ስቀመጥ፣ ሳላስበው ለአበባ በሚረጨው ጠርሙስ ፊቴ ላይ ውሃ ትረጭብኛለች። እጄ ግንባሬ ላይ። እንደገና። እጄ ግንባሬ ላይ። መንገድ ላይ የሚያልፉት ጎረቤቶች ምን ብለው ይሆን፤ ሽማግሌ አስራ ውሃ የምትረጭ ልጅ። ሳቅን። ሳቃችን እያለቀ ሲሄድ እሷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፎጣው ዓይኔ ላይ ስለነበር ድምጿን ብቻ ነው የሰማሁት።

«አባዬ፣ ማሚ እኮ በዓይኗ ነበር የምታማትበው። አላየህም?»

ምን ማለትሽ ነው አልኳት። ያየችውን ነገረችኝ፦ አንቺ ሆስፒታል ሳለሽ፣ በመጨረሻው ሳምንት፣ ቀኝ እጅሽ ቱቦ በቱቦ ሆኖ መነሳት ሲያቅተው፣ ወደ ጣሪያው ታዪ፣ ወደ እግርሽ ታዪ፣ ከዚያ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ታዪ ነበር። እሷ ገብቷት ነበር። እያማተብሽ ነው ወይ ብላ ስትጠይቅሽ ጣቷን ጨበጥሽላት። እኔ ግን አንዳች ነገር የምትፈልጊ መስሎኝ ነበር። መጋረጃውን ዘጋሁልሽ፣ ከፈትኩልሽ። ወንበሬን ከግራሽ ወደ ቀኝሽ አዛወርኩ። ነርሷን እንኳ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዙሪላት ብዬ አስቸገርኳት። አንቺ መናገር አቅቶሽ ዝም ብለሽ ታዪኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሳቅሽ መጥቶብሽ ይሆናል።

ማህሌት ያኔ የጠየቀችሽን ሌላም ነገር ነገረችኝ። ማሚ፣ ስንብት ነው ወይ ብላሽ ነበር። አይደለም ብለሽ ራስሽን ነቀነቅሽ። ሐኪሞቹ የሚሉትን ብለው ከጨረሱ በኋላም፣ አንቺ ለመቆየት ነበር የምትለምኚው። ለእኛ።

ፎጣውን አላነሳሁም። እጄን መስኮቱ ጠርዝ ላይ መለስኩ። ከዚያ እንደገና ርጪ አልኳት።

በሳምንቱ ታኮማ ሄድኩ። አዳራሹ በር ላይ ሁለት እግሬን መሬት ላይ ተክዬ፣ ሳልቸኩል፣ ከግንባሬ እስከ ደረቴ፣ ከግራዬ ወደ ቀኜ አማተብኩ። ከዚያ ገብቼ ተቀመጥኩ። መስኮቱ እንደገና በቀኜ ነው። ውሃው ደረቴ ጋ ሲደርስ እጄ ሊነሳ ሲል ተሰማኝ፤ ጠርዙን አጥብቄ ያዝኩ። ተገለበጥን። ዓይኔን ጨፍኜ ነበርና በዓይኔ ሽፋን ሥር ወደ ላይ አየሁ፣ ወደ ታች አየሁ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። አሜን ስል ውሃው ረግቶ፣ መገለባበጡ ቆሞ ነበር። መጠበቅ ያለብኝ ለካ ያንን ያህል ነው። መስኮቱን ገፋሁት፣ ወጣ። ቀበቶዬን ፈታሁ። እጄ መንገዱን ያውቀው ስለነበር ጎትቶ አወጣኝ። ብርሃኑ ላይ ስደርስ አየሩን እንዴት እንደጠጣሁት አልነግርሽም። ፈልጌው ነበር፣ ብርቄ። አየሩን ፈልጌው ነበር። ለአባ ጥያቄ መልሱ ያኔ መጣልኝ።

አሰልጣኟ ገንዳው ዳር ቆማ ዛሬ ያንን እጅህን ምን አደረግከው አለችኝ። ሥራ ሰጠሁት አልኳት። ፓስ አደረግክ ብላ ትከሻዬን መታችኝና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።

ከዚያ ወዲህ ሄጄ መጥቻለሁ። ሄሊኮፕተሩ ከሚጮኸው ጩኸት በቀር ምንም የለውም፤ አጠገቤ ያለው ሰው ያንኮራፋል። ባሕሩ ከላይ ሲታይ አመድማ ነው፣ ዳር የለውም። እኔ አልተኛም። ከመነሳታችን በፊት ጃኬቱን በእጄ እነካዋለሁ እንጂ አልገምትም፤ እስክናርፍ እጄ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሰዎቹ ለቁርስ ሳይነሱ፣ እንቁላሉን እየሰበርኩ በክርስትና ስምሽ እጠራሻለሁ። ምጣዱ ይንጫጫል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ ማንም አይሰማኝም። ያቺ ሰዓት ያንቺ ናት።

ማክሰኞ እንደገና እሄዳለሁ። ማህሌት ኤርፖርት ታደርሰኛለች፤ አሁንም አልወደደችውም፣ ግን አትከለክለኝም።

ብርቄ፣ ወደ አንቺ መምጣቴ አይቀርም፤ አልቸኩልም ብዬ ግን ነገርኩሽ። አንቺ እኛ ጋ ለመቆየት በዓይንሽ የለመንሽውን ዕድሜ እኔ በእጄ ይዤዋለሁ። ቅዳሜዋን ከነነፋሷ፣ ወገብ ይዞ ፍሪጅ ማየትሽን፣ ስሜን የሚያጠፋው ንዴትሽን ከእኔ በቀር ማን ይዞት ይኖራል? ማህሌት ግማሹን ታውቃለች፤ የቀረው እኔ ዘንድ ነው። እሱን አንድ በአንድ እነግራታለሁ፣ እስኪያልቅ። ከዚያ በፊት ውሃ ቢገለበጥብኝም፣ ፈጣሪ ራሱ ጠርቶኝ ጣቶቼን እስኪፈታቸው ድረስ፣ የያዝኩትን አልለቅም።

«አንተ ሰውዬ» የምትዪኝ፣
ጌታሁን